ከቀጣዩ ቨርዥን በፊት ቁልፉ ማን ጋ ይቀመጥ?

ሰሞኑን የዲስትሯችን፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ የተመሠረተው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወናችን፣ ተጠቃሚዎች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ መሠረታችን በሆነው ነፃ ሥርዓተ ክወና፣ በዴቢያን 13 ላይ የተሠራው መቼ ይወጣል? መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ዴቢያን 13 ከወጣ፣ ማለትም ከነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ፣ ወራት አልፈዋል፤ የእኛ ግን አሁንም በ12 ላይ ነው። ሥራው ተጀምሯል፣ የሙከራው አይኤስኦ (የመጫኛው ፋይል) እኔ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እሱ አይደለም። ይህን ዲስትሮ የምናዘጋጀው ሦስት ሰዎች ነን። ሦስታችንም ሌላ መተዳደሪያ አለን። አንዳችን ብንታመም፣ አገር ብንለቅ ወይም በቃኝ ብንል በየትምህርት ቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች ምን ይሆናሉ? ስለ ፕሮጀክቱ የወደፊት ጉዞ እናውራ ከተባለ መጀመር ያለብን ከዚህ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ዲስትሯችን ይነስ ባይ ነኝ። እኛ ካልሠራነው ማንም የማይሠራውን ብቻ እንያዝ፤ ዴቢያን የሚሠራውን ለዴቢያን እንተው፤ ከራሳችን ሥራ ውስጥም መግባት የሚችለውን ሁሉ ዴቢያን ውስጥ እናስገባው፤ አፕዴቱ በእርግጥ ከእኛ መምጣቱን ለኮምፒውተሮቹ የሚያረጋግጠው የመፈረሚያ ቁልፍም ከአንድ ሰው እጅ ይውጣ።

ለማታውቁን ስለ ሥራችን ትንሽ ልበል። እኔ ደሴ ውስጥ የኔትወርክ ባለሙያ ነኝ። ዲስትሮው ዴቢያን ላይ የተመሠረተ፣ ኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ያለው፣ ሁለት ጊጋ ራም ባለው ኮምፒውተር ላይ ሳያስቸግር የሚሄድ ነው። የሚጠቀሙበት በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅና በዙሪያቸው ያሉ የትምህርት ቤት ላቦች፣ ጥቂት ቤተ መጻሕፍትና የጽሕፈት አገልግሎት የሚሰጡ ቤቶች ናቸው። ኮምፒውተሮቹ በብዛት በእርዳታ የመጡ ወይም ከመሥሪያ ቤት የተወገዱ አሮጌዎች ናቸው። ኢንተርኔት ያለው ላብ ጥቂት ነው፤ ያለውም ቢሆን በሞባይል ዳታ ነው፤ ለላብ ሙሉ ኮምፒውተር አፕዴት ለማውረድ ዳታ የሚገዛ ዳይሬክተር እስካሁን አልገጠመኝም፣ አልፈርድባቸውምም።

ታዲያ ዴቢያንን እንዳለ ከመጫን በምን እንለያለን? አማርኛ መጻፊያውን እንውሰድ። አይባስና ኤም17ኤን የሚባሉት የግቤት ፕሮግራሞች፣ አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል ቁልፎች የሚያስጽፈው የሴራ ዘዴ፣ አቢሲኒካና ኖቶ ፎንቶች ሁሉም ዴቢያን ውስጥ አሉ። ግን ተበታትነው ነው ያሉት። አንድ መምህር እነዚህን ለይቶ አውቆ፣ ጭኖ፣ የግቤት ዘዴውን መርጦ፣ መቀያየሪያ ቁልፉን አስተካክሎ ለተማሪዎቹ እስኪያደርስ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። እኛ ያደረግነው ሁሉንም ሰብስቦ ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ዝግጁ ማድረግ ነው። ትንሽ ሥራ ነው፤ ጥቅሙን ግን ላብ ውስጥ ቆማችሁ ብታዩት ታውቁታላችሁ። ከሰዓት ማሳያውም ጋር እንዲሁ ነው። አይሲዩ የሚባለው ላይብረሪ የእኛን ዘመን አቆጣጠር ካወቀው ቆይቷል፤ ዴስክቶፑ ላይ ያለው ሰዓት ግን አያሳየውም። እኛ የጻፍናት ትንሽ ፕለጊን «ኅዳር 12 ቀን 2018፣ ከጠዋቱ 3:20» ብላ ታሳያለች።

ከሁሉ የምወደው ግን የድሮ ፋይል መቀየሪያውን ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት በጋራ የሚጠቀሙበት መለያ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በቨርዥን 3.0 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታትም፣ ሰው የሚጽፈው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሰሎቻቸው ነበር። እነዚህ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ አማርኛ ይመስላል፤ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የቅንፍ ድርድር ነው። የፊደላችን ብዛት በአንድ ፎንት ውስጥ ስለማይበቃም አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ያካፍሉታል፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ግንዱን ለብቻ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን ለብቻ አስቀምጠው አንዱን በሌላው ላይ ይደርባሉ። ስለዚህ መቀየሪያው እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ማየት፣ የተለያዩትን ቁርጥራጮች አገጣጥሞ አንድ ፊደል ማድረግ፣ በመሃል የገባውን እውነተኛ እንግሊዝኛ ደግሞ ሳይነካ ማለፍ አለበት። አንዲት የታሪክ መምህርት የዓመታት የፈተና ጥያቄዎቻቸውን በፍላሽ ይዘው መጡ። ከፈትነው፤ የላቲን ፊደል ድርድር። መቀየሪያውን አስነሳነውና የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የአድዋ ጦርነት መንስኤዎችን ዘርዝሩ» የሚለው ወጣ። መምህርቷ ወንበር ስበው ተቀመጡና ቀሪውን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ። እንዲህ ያለ ፋይል በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክህነቱ፣ በየቀበሌው ስንት እንዳለ አስቡት። የድሮውን ፊደል ከአዲሱ ጋር የሚያዛምደውን የመቀየሪያውን ሠንጠረዥ እኛ ካልጠበቅነው የሚጠብቀው የለም፤ ለዚህ ነው እንያዝ ከምላቸው ነገሮች ግንባር ቀደሙ የሆነው።

ሌላው ያለ ኢንተርኔት አፕዴት ማድረጊያው ነው፤ የቁልፉ ጉዳይ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የምንጠቀምባቸውን የዴቢያን ፓኬጆች (የሶፍትዌር ጥቅሎች) እና የደኅንነት ማስተካከያዎቻቸውን አፕትሊ በሚባል ፕሮግራም አማካይነት ሌሊት ሌሊት አወርዳለሁ። ከዚያ የዚያን ቀን ቅጂ አዘጋጅቼ እፈርምበትና ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እገለብጠዋለሁ። ዲስኩ ለስብሰባ ወይም ለጉዳይ ከተማ ከሚመጡ መምህራን ጋር ወደየትምህርት ቤቱ ይሄዳል። የላብ ኃላፊው አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል፣ እሱ ለሌሎቹ በላቡ ኔትወርክ ያድላል። በ2016 ዓ.ም. ክልላችን ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ አፕዴት ማግኘታቸውን ያላቋረጡት ላቦች በዚህ መንገድ የሚሄዱት ነበሩ።

ባለፈው መስከረም አንድ የላብ ኃላፊ ደወሉልኝ። «እህቴ፣ ዲስኩ ሳይበላሽ አልቀረም። ግማሾቹ ተቀብለውታል፣ ግማሾቹ ግን ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም እያሉ ነው» አሉኝ። ዲስኩ ደህና ነበር። የእነዚያ ኮምፒውተሮች የማዘርቦርድ ባትሪ ሞቷል። ባትሪው የሞተ ኮምፒውተር ሲጠፋ ሰዓቱን ያጣል፤ ሲስተምዲ የሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ሲነሳ መጨረሻ ላይ ዲስክ ላይ ከጻፈው ሰዓት ይቀጥላል። ላቡ ክረምቱን ተዘግቶ ስለከረመ መስከረም ላይ የተነሳው ኮምፒውተር ገና ሰኔ ላይ ነው ያለው። እኛ ነሐሴ ላይ የፈረምንበት የፓኬጆች ዝርዝር ለእሱ የወደፊት ነው፤ ፓኬጆችን የሚጭነው አፕት ደግሞ ከወደፊት የመጣ ዝርዝር አይቀበልም። ተቃራኒውም አለ። የዴቢያን የደኅንነት ዝርዝር የሚያበቃበት ቀን አለው፣ የተሰጠው እድሜ ወደ ሳምንት ገደማ ነው። መንገድ ተዘግቶ ዲስኩ ከዘገየ አፕት ጊዜው አልፎበታል ብሎ ይመልሰዋል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ሲደርስ የቀን ማጣሪያውን አጥፍቶ ይገላገላል። እኛ አናጠፋውም። ማጣሪያው የተቀመጠው በምክንያት ነው፤ አንድ ተንኮለኛ አሮጌ ዝርዝር ይዞ ማስተካከያ እንዳይደርሳችሁ ሊያደርግ ይችላልና። ስለዚህ በዲስኩ ላይ ያለውን ቅጂ በራሳችን ቁልፍ ስንፈርም ለመንገዱ የሚበቃ የሦስት ወር እድሜ እንሰጠዋለን፤ መጫኛ ፕሮግራማችንም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ከዲስኩ ጋር አስተያይቶ ካልተጣጣመ ለኃላፊው የዛሬውን ቀን በእኛ አቆጣጠር ይጠይቃቸዋል። ሐምሌና ነሐሴን ከጁላይና ከኦገስት ጋር ሲያምታቱ የሚባክነው ጊዜ ቀረ። ባትሪውም ሲአር2032 ነው፣ የትኛውም የእጅ ሰዓት አዳሽ ጋ ይገኛል፤ እባካችሁ ለውጡት።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍኩት የአንድን ፊርማ ክብደት ለማሳየት ነው። ላብ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር መምህሩን አያውቅም፣ ዲስኩን ያመጣውን ሰው አያውቅም። የሚያምነው ፊርማችንን ብቻ ነው። ያ ፊርማ የሚወጣበት ቁልፍ ፕሮጀክቱ ሲጀመር ጀምሮ ያለው እኔ ጋ ነው፤ ቁልፉም የሚያበቃበት ቀን አለው። እኔ በሆነ ምክንያት ባልኖር፣ ሁለቱ ጓደኞቼ የቱንም ያህል ጥሩ ፓኬጅ ቢሠሩ፣ አንድም ኮምፒውተር አይቀበላቸውም። ኢንተርኔት ያለው ተጠቃሚ አዲስ ቁልፍ ፈልጎ ያወርዳል። የእኛ ተጠቃሚዎች ግን አያወርዱም፤ ሰው በየላቡ ዞሮ በእጁ ማስገባት ይኖርበታል።

ይህ በሌሎች ዲስትሮዎች ላይ የደረሰ ነገር ነው። ቮይድ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2018 መስራቹን ማግኘት አቅቶት ነበር። የድረ ገጹ ዶሜይንና ኮዱ የሚቀመጥበት የጊትሃብ ድርጅት ባለቤትነት በእሱ እጅ ስለነበር የቀሩት ሰዎች አዲስ ዶሜይንና አዲስ የጊትሃብ ቦታ ከፍተው መዛወር ግድ ሆነባቸው። ሶለስ በዚያው ዓመት መስራቹ ለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሰርቨሮቹ ለወራት ጠፍተው እንደገና በተደራጀ ቡድን ነው የተነሳው። አንተርጎስ እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 አዘጋጆቹ ጊዜ አጣን ብለው አቆሙት፤ ተጠቃሚዎቹ ኢንዴቨርኦኤስን ይዘው ቀጠሉ። ሦስቱም ከእኛ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ተጠቃሚና አዘጋጅ የነበራቸው ናቸው። ቮይድና ሶለስ የዳኑት ሥራውን የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች ስለነበሯቸው ነው።

ስለዚህ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ዋናው ቁልፍ ከኢንተርኔት ውጭ ይቀመጣል፤ በሻሚር ዘዴ አምስት ቦታ ይከፈላል። አዲ ሻሚር እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ዘዴ ነው፤ ከአምስቱ ማንኛቸውም ሦስቱ ሲገናኙ ቁልፉ ይወጣል፣ ሁለቱ ብቻ ቢገናኙ ግን ምንም አያገኙም። ለዕለት ተዕለት ፊርማ የሚያገለግሉ፣ እድሜያቸው አንድ ዓመት የሆነ ንዑስ ቁልፎች ከዋናው ይወጣሉ፤ ሁለት ሰው ይይዛቸዋል። የሚተካው ቁልፍ ይፋዊ ግማሽ፣ ማለትም ፊርማን ለማረጋገጥ ብቻ የሚያገለግለው፣ ደግሞ የአሁኑ ሳያበቃ አስቀድሞ በየዲስኩ ይላካል። ዴቢያን ራሱ የሚያደርገው እንዲህ ነው፤ የቀጣዩን ቨርዥን ቁልፍ ቀድሞ ቁልፎቹን በያዘው በኪሪንግ ፓኬጁ ውስጥ ያስገባል። የእኛም ላቦች አዲሱን ቁልፍ በአሮጌው ፊርማ ስር ካገኙት ማንም መዞር አይጠበቅበትም።

«አምስት ሰው ከየት ይመጣል?» ለሚለው፣ እኛ ሦስታችን አለን። አራተኛው ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖረው ወንድማችን ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰርቨሩንና የዶሜይኑን ክፍያ በካርዱ የሚከፍልልን እሱ ነው። አምስተኛው ገና ነው፤ አጣድፈንም አንሞላውም። ምክንያቴን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ኤክስዜድ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ ድብቅ በር ተገኘ። ያን ፕሮግራም ለረጅም ጊዜ ብቻውን የተሸከመ አንድ የደከመ ሰው ነበር። ሌላ ሰው መጥቶ ለሁለት ዓመት ገደማ በትዕግሥት ሲያግዘው ቆየ፣ እምነት አገኘ፣ ቨርዥን የማውጣት መብት አገኘ፤ ከዚያ በ5.6.0 እና በ5.6.1 ውስጥ በሩን አስገባ። በሩ የተደረሰበትም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ከሩቅ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት ኤስኤስኤች ከወትሮው ግማሽ ሰከንድ ያህል ዘገየብኝ ብሎ ስለመረመረ ነው። የዴቢያን የሙከራ ቅጂዎች ውስጥ ደርሶ ነበር፤ ለሁሉም ተጠቃሚ ወደሚወጣው ወደ ስቴብሉ አልገባም። ያን ታሪክ ሳነብ የታየኝ የራሴ ምሽት ነው፤ ደክሞኝ ተቀምጬ «ላግዝሽ» የሚል ደግ መልእክት ቢመጣልኝ ምን ያህል እንደምደሰት አውቃለሁና። ስለዚህ እገዛውን በሙሉ ልብ እንቀበላለን፤ ቁልፍ ግን በአካል ለምናውቀው ሰው ነው። ከዚያም በላይ ማናችንም ብቻችንን አናወጣም። አንዱ የሠራውን ፓኬጅ ሌላው ከምንጩ ጀምሮ እንደገና ይሠራዋል፣ የሁለቱ ሃሽ (የፋይሉ አሻራ) አንድ ካልሆነ አይፈረምም። ዴቢያን ውስጥ ለዓመታት የተሠራበት የሪፕሮዲውሲብል ቢልድ ሥራ ይህን ለእኛ ቀላል አድርጎልናል፤ ግን ሦስት ሰው ይህን ሊያደርግ የሚችለው ፓኬጆቹ ጥቂት ከሆኑ ነው። ማነስ አለብን የምለው ለዚህም ነው።

አብሮን የሚሠራው ልጅ በዚህ አይስማማም። ከሦስታችን በእድሜ ትንሹ ነው፣ በሥራው ግን ማንም አይስተካከለውም። የራሳችን ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት)፣ የራሳችን የሶፍትዌር መደብር፣ የራሳችን መልክ ያለው ዴስክቶፕ ይኑረን ይላል። «የራሱ ነገር የሌለውን ዲስትሮ ማን ያስታውሰዋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄውን አልናቅሁትም፤ ወጣት ልጅ ስሙ ያለበትን ነገር ሠርቶ ማሳየት መፈለጉ ያስመሰግነዋል።

ከርነሉን ግን እንውሰድ። የራሳችንን ብንሠራ፣ የታመነ ፊርማ የሌለውን እንዳይነሳ የሚከለክለው ሴክዩር ቡት የበራባቸው ላፕቶፖች አይቀበሉትም። እንዲቀበሉት ሺም የሚባለውን ማስነሻ ማይክሮሶፍት እንዲፈርምልን ማመልከት፣ መመርመር፣ ለእያንዳንዱ የደኅንነት ችግር በፍጥነት መልስ መስጠት አለብን። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት ሲፈርምበት የቆየው የ2011 ሰርተፊኬት የሚያበቃበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ጁን 2026 ነው፤ ቀደም ብለው የተፈረሙት መነሳታቸውን ይቀጥላሉ፣ አዲሶቹ ግን በ2023ቱ ሰርተፊኬት ስለሚፈረሙ ያ ሰርተፊኬት ባዮሳቸው ውስጥ የሌለ ኮምፒውተሮች ጣጣ ይገጥማቸዋል። ይህን ጣጣ ዴቢያን ውስጥ ያሉ ሰዎች ስለ እኛ ይሸከሙታል። የዴቢያንን ከርነልና ሺም ሳንነካ እስከተጠቀምን ድረስ እኛ የምናደርገው ነገር ቢኖር መጠበቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ስጦታ ትቶ የራስን ጉድጓድ መቆፈር አይታየኝም።

መንገዱም አዲስ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ለትምህርት ቤቶች የተጀመረው ስኮሌሊኑክስ ቀስ በቀስ ከዴቢያን ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ዴቢያን ኤዱ ነው፤ ፓኬጆቹ ዴቢያን ውስጥ ይኖራሉ። ሰዎቹ ቢቀያየሩም ሥራው የትም አይሄድም። ክራንችባንግ የተባለውን ዲስትሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 አዘጋጁ ዴቢያን ራሱ ደርሶበታል፣ ከእንግዲህ ብዙ የምጨምረው የለም ብሎ በክብር አቆመው፤ የወደዱት ሰዎች ባንሰንላብስ ብለው ቀጠሉበት። እኛም እንዲሁ ፕለጊኗን፣ መቀየሪያውንና የመጫኛ ፕሮግራሙን በተለያየ ፓኬጅ እየለየን ለዴቢያን እናቅርብ። የዴቢያን ዴቨሎፐር ባንሆንም ስፖንሰር የሚሆነን ዴቨሎፐር ካገኘን ፓኬጁን ወደ ዴቢያን ያስገባልናል። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ያለ መምህር ስማችንን ሳይሰማ ዴቢያንን ጭኖ የድሮ ፋይሎቹን መክፈት ይችላል። ልጁን ያልኩትም ይህንኑ ነው፤ ስሙ በዴቢያን ፓኬጅ ዝርዝር ላይ ይጻፋል፣ እኛ ብናቆም እንኳ እዚያው ይቆያል። እያሰበበት ነው።

ከተወሰኑ ኮምፒውተሮች ጋር መለያየት ግን ይመጣል። ዴቢያን 13 ባለ 32 ቢት ለሆኑ የፒሲ ፕሮሰሰሮች መጫኛም ከርነልም የለውም። ኮር 2 ዱዎዎቹ 64 ቢት ስለሆኑ ያልፋሉ፤ ትንንሾቹ ኤን270 አቶም ኔትቡኮች ግን አያልፉም። እነሱን በዴቢያን 12 ላይ እናቆያቸዋለን፤ የ12 የተራዘመ ድጋፍ የሚያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ከኔትወርክ ነቅለን ለጽሕፈት ልምምድ ብቻ መጠቀም ነው። ከርነል እየሠራን እናኑራቸው የሚሉ አሉ። ልቤ ይፈቅዳል፣ አቅማችን ግን አይፈቅድም።

በሌላ በኩል የሚመጡት ብዙ ናቸው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ካበቃ ወዲህ ወደ 11 መሄድ የማይችሉ ደህና ደህና ኮምፒውተሮች ከመሥሪያ ቤት እየወጡ ነው። ስምንት ጊጋ ራም ያላቸው፣ ኤስኤስዲ ያላቸው! ለእኛ ላቦች ይህ ሰርግ ነው። የጽሕፈት ቤቶችም እየደወሉ ይጠይቃሉ። የሚመጣውን ሰው ሁሉ እንቀበለው ከሚለው ይልቅ በቅድሚያ ላቦቹን እናዳርስ፤ ሌላው ሰው ዴቢያንን እንዳለ ጭኖ የእኛን ፓኬጆች ብቻ እንዲጨምር አጭር መመሪያ በአማርኛ እንጽፍለታለን።

ገንዘቡን ባጭሩ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዶላር የሚከፈለው የሰርቨር ኪራይ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን ግድ የለም ይላል፤ ግን አንድ ፕሮጀክት በአንድ ሰው ካርድ ላይ መንጠልጠሉ ከቁልፉ ጉዳይ አይለይም። ዶሜይኑ ለብዙ ዓመት አስቀድሞ ይከፈላል፣ የመግቢያ መረጃው ለሁለት ሰው ይሰጣል። ምንጭ ኮዱ ኮድበርግ ላይ፣ አይኤስኦው ሶርስፎርጅ ላይ ይሆናል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ፓኬጆቹ ዴቢያን ውስጥ በገቡ ቁጥር ኪራዩ ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ተስማምተናል። የየካቲቱ ዲስክ አዲሱን የኪሪንግ ፓኬጅ ይዞ ይወጣል፤ ስለዚህ የላብ ኃላፊዎች ሌላውን ዲስክ ብታሳልፉት እንኳ ይህን እንዳታሳልፉት። በዴቢያን 13 ላይ የተሠራው የሚወጣው ኪሪንጉ ሁሉም ላብ መድረሱን ካረጋገጥን በኋላ ነው፤ ክረምት ላይ ላቦቹ ሲዘጉ ለመጫን ይመቻል ብዬ አስባለሁ። ለዴቢያን መጀመሪያ የሚቀርበው የፋይል መቀየሪያው ነው፤ ለዚህ በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በሌላ የድሮ ፎንት የተጻፈ፣ የግል ምሥጢር የሌለበት ፋይል ያላችሁ ብትልኩልን ሠንጠረዡን እንፈትንበታለን። የትግርኛ ፋይል ያለው ቢገኝ በተለይ ደስ ይለኛል፤ ቐ እና ኸ ላይ ያሉት ረድፎች ገና በደንብ አልተፈተሹም።

አምስተኛውን የቁልፍ ቁራጭ በተመለከተ፣ የምንፈልገው ፕሮግራመር መሆን የለበትም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚኖር፣ ከላቦቹ በአንዱ የሠራ፣ የታሸገ ፖስታ ሳይከፍት ለዓመታት ማስቀመጥ የሚችልና በዓመት አንድ ጊዜ ስንጠራው የሚመጣ ሰው ይበቃል። ይሆናል የምትሉት ሰው ካለ ስሙን ከመላካችሁ በፊት እሱን ጠይቁት፤ ከዚያ ቡና እየጠጣን በአካል እንነጋገራለን።